ፋብሪካ ሲሞት ድንኳን አይተከልም

ሰው ለሽርሽር ላንጋኖ ወይ ሶደሬ ይሄዳል። እኔ ደግሞ ሰሞኑን አብነት ሄድኩላችሁ። «አብነት ደግሞ ምን ይታያል?» እንዳትሉኝ። ከመርካቶ ቁልቁል፣ ከልደታ ሽቅብ፣ ሰውና ዕቃ ሲተላለፍ የሚውልበት መሀል ሰፈር ነው። የሸገር ልጅ ሆኖ በአብነት ያላለፈ አለ ብዬ አላምንም። ችግሩ ሁላችንም እናልፋለን እንጂ አናይም። ወያላው «አብነት ወራጅ!» ሲል ዱብ እንላለን፣ ጉዳያችንን እንጨርሳለን፣ እብስ። አለቀ።

እኔን የወሰደኝ ወሬ ነው። አንዲት የሰፈሩ ልጅ የሆነች ወዳጄ «ጎረቤታችን አራት ወር ሙሉ ሚስቱን ሲሸውዳት ከረመ» አለችኝ። ሌላ ሴት ይዞ ነው ብላችሁ ጠረጠራችሁ አይደል? እኔም የመጣልኝ እሱ ነው። የለም! ሰውዬው በየማለዳው የሚሄድበት ሥራ አልነበረውም። የሚሠራበት ፋብሪካ ከስሮ ተዘግቷል። እሱ ግን ምሳ ዕቃውን በፌስታል አንጠልጥሎ ከቤት መውጣቱን አላቋረጠም።

ይሄን ስሰማ ዝም ብዬ መቀመጥ አልሆነልኝም። በሉ እንግዲህ አብረን እንሂድ።

የፌርማታው ስም

ቀላል ባቡሩ መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ወደ ቃሊቲ የሚወርደው መስመር ፌርማታዎች ስም የሰፈር ታሪክ ነበር። አውቶቡስ ተራ፣ ሰባተኛ፣ አብነት፣ ዳርማር፣ ልደታ እያለ ይወርዳል። በሌላው መስመር፣ ከአያት ጦር ኃይሎች በሚሄደው፣ ከልደታ ቀጥሎ ኮካ ኮላ የሚባል ፌርማታ አለ።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። ዳርማር የጫማ ፋብሪካ ስም ነው! ወጣቱን ብትጠይቁት «ዳርማር ሰፈር ነዋ!» ብሎ ይገላምጣችኋል። ጫማ እንደነበረ የሚነግራችሁ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ብቻ ነው። ኮካም እንደዚያው ከለስላሳ ፋብሪካው ስም የወጣ ነው። ኮካ ኮላ በሀገራችን በጠርሙስ መሞላት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። እንግዲህ ከአብነት በእግር በሚደረስ ርቀት ሁለት ፌርማታ በፋብሪካ ስም ይጠራል ማለት ነው። ፋብሪካ ስሙን ለሰፈር ጥሎ ይሄዳል። በውስጡ ዕድሜውን የጨረሰው ሠራተኛስ? የእሱን ስም የያዘ ፌርማታ አላየሁም።

የዚህ አካባቢ የጫማ ነገር ሥሩ ረዥም ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ አርመን ነጋዴዎች አዲስ አበባ ላይ ሁለት የጫማ ፋብሪካዎች ከፈቱ። እዚያ ሙያ የለመዱ ሠራተኞች ከጊዜ በኋላ እየወጡ መርካቶ አካባቢ የየራሳቸውን ትንንሽ ጫማ ቤት አቋቋሙ። እነሱ ደግሞ ሌሎችን አሠለጠኑ። ታላላቆቹን ፋብሪካዎች በ1967 ዓ.ም. ደርግ ወረሰ፤ መርካቶ ጓዳ ውስጥ የሚሰፋውን ጫማ ግን ማን ሊወርሰው? እንዲያ እንዲያ እያለ መርካቶና ዙሪያዋ የሀገሪቱ የጫማ መንደር ሆነች። ከአብነት ወደ መርካቶ ሽቅብ ስትወጡ ድንገት የማስቲሽ ሽታ አፍንጫችሁን ካለው፣ ያ ሽታ ከእነዚያ ሠራተኞች የተወረሰ ነው።

እኔም ሽታውን ተከትዬ አንድ ጫማ ቤት ገባሁ።

የዘጠና ሦስቱ ጎርፍ

ቤቷ ከአንድ ታክሲ ብዙም አትሰፋም። ግድግዳው ላይ ሶል ተደርድሯል፣ መሬቱ የቆዳ ቁርጥራጭ ነው። አንድ አዛውንት መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ይሰፋሉ። «ጋሼ፣ ጥቂት ላስቸግርዎ» አልኳቸው። «ችግር ለምደናል፣ ተቀመጥ ልጄ» አሉኝ። ሳቅን።

ወሬያችን ወዲያው 1993 ዓ.ም. ላይ ደረሰ። ትልልቆቹ አንባቢዎቻችን ታስታውሱታላችሁ። ያኔ የቻይና ጫማ ገበያውን አጥለቀለቀው። ዋጋው ርካሽ፣ መልኩ አንጸባራቂ፣ ፋሽኑ የሰሞኑ። የኛ ጫማ ጠንካራ ቢሆንም ማን ዞር ብሎ ይየው? አንድ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ምሁር በጊዜው የደረሰውን ጉዳት አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2007 አሳትመዋል። ካጠኗቸው 96 ጫማ አምራቾች መካከል 28 በመቶው ለኪሳራ ተዳርገዋል። 32 በመቶው ደግሞ ሥራቸውን ቀንሰዋል። በትንንሾቹ ጫማ ቤቶች በአማካይ ሰባት የነበረው የሠራተኛ ቁጥር ወደ 4.8 ወርዷል። ከፍ ባሉት ደግሞ ከ41 ወደ 17!

ቁጥር ደረቅ ነው፣ እስቲ ወደ ሰው እንመልሰው። 41 ሰው የሚሠራበት ቤት 17 ቀረ ማለት 24 ሰው «ነገ አትምጣ» ተብሏል ማለት ነው። ከአንድ ቤት ብቻ። ሃያ አራት የቤት ኪራይ፣ ሃያ አራት የልጅ ትምህርት ቤት፣ ሃያ አራት የዕድር መዋጮ።

«እኔ ከነዚያ አንዱ ነኝ» አሉ አዛውንቱ። «ባለቤቱ ደግ ሰው ነበር። አልቅሶ ነው ያሰናበተን። ያለቀሰ ሰው ላይ ገንዘቤን ብለህ ትነሳለህ? ይሉኝታ ያዘኝ። ‹ሲያገኝ ይሰጠኛል› ብዬ ቤቴ ተቀመጥኩ። ዓመት ቆይቼ ስጠይቅ ጊዜው አልፏል አሉኝ። የዘጠኝ ዓመት ልፋቴን በይሉኝታ በላሁት!»

«ከዚያስ?» አልኳቸው።

«ከዚያማ ሦስት ሆነን አንድ የስፌት መኪና ተከራየን። በፈረቃ ሰፋን። የቻይናው ጫማ ክረምት ሲገባ ሶሉ አፉን ከፈተ። ሰዉ ሳይወድ በግዱ ወደኛ መለስ አለ። እኛም ታዲያ ተኝተን አልጠበቅነውም፣ ፋሽኑን አይተን ሞዴላችንን ቀየርን።»

እውነታቸውን ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሀገር ውስጥ አምራቾች ጥራታቸውንና ሞዴላቸውን አሻሽለው ብዙውን ገበያ ማስመለሳቸውን ያጠኑ ምሁራን ጽፈዋል። ገበያው ሲመለስ ግን የተበተነው ሰው ሁሉ አብሮ አልተመለሰም። «የተመለስነው እጃችን ላይ ሙሉ ሙያ የነበረን ነን» አሉ ጋሼ። «እኔ ቆዳ እቆርጣለሁ፣ እሰፋለሁ፣ እወጥራለሁ፣ ሶል እለጥፋለሁ። ያንዱን ብቻ የሚያውቀው ልጅ ግን ሜዳ ላይ ቀረ።»

ይህቺን ቃል ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ምሳ ዕቃው

ወደ ባለታሪካችን እንሂድ። ሰውዬው 33 ዓመቱ ነው፣ የሁለት ልጆች አባት። ስሙንም የፋብሪካውንም ስም አንጠራም። ጫማ ፋብሪካ ውስጥ ሰባት ዓመት ቆዳ ቆርጧል። አንድ ሰኞ ጠዋት ሲሄዱ በሩ ተቆልፎ ጠበቃቸው። ዘበኛው «ድርጅቱ ከስሯል፣ ማስታወቂያውን አንብቡ» አላቸው። በቃ። ሰባት ዓመት በአንዲት ወረቀት።

ያን ቀን ወደ ቤቱ መመለስ አቃተው። ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት እስኪሆን ሲዞር ዋለና «ዛሬ ሥራ በዝቶብን ነበር» ብሎ ገባ። ውሸት መጀመሪያዋ ናት የምትከብደው። ማክሰኞ ምሳ ዕቃውን ይዞ ወጣ። ተክለሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ምሳውን በላ። ረቡዕም። ሐሙስም። አራት ወር!

«ደመወዝስ ከየት ታመጣ ነበር?» አልኩት።

አንገቱን ደፋ። «ዕቁብ ደርሶኝ ነበር። ከሱ እየቆረጥኩ ‹ደመወዝ ነው› እያልኩ እሰጣታለሁ።»

አያችሁ ጉዱን! ዕቁቡ ለወደፊት ሊሆነው የሚችል ገንዘብ ነበር፤ ለውሸቱ ማሟያ ሆነ። የዕቁቡ ቀሪ ክፍያ ደግሞ በየሳምንቱ ይጠብቀዋል። ዕቁብ በልቶ አለመክፈል አብነት ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ ለናንተ አልነግራችሁም።

ሚስቱ በምን አወቀች መሰላችሁ? ማንም አልነገራትም። ልብሱን ስታጥብ ነው። «ሰባት ዓመት ሙሉ ሸሚዙ ቆዳ ቆዳ ይሸታል። በሳሙና አይለቅም። አንድ ቀን ዘፈዘፍኩት፣ ምንም አይሸትም። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ» አለችኝ። ሌላ ሴት ጠርጥራ ነው ያለቀሰችው። እውነቱን ሲነግራት «ይሄን ነው እንዴ የደበቅከኝ?» ብላ ከለቅሶዋ ወደ ሳቅ ዞረች፤ ከዚያ መልሳ አለቀሰች።

እኔ የገረመኝ ሌላ ነው። ለምን ደበቀ? ሥራውን ሰክሮ አላጣ፣ ሰርቆ አልተባረረ። ፋብሪካው ነው የከሰረው። «አውቃለሁ፣ ግን ያፍራል ሰው» አለኝ። «ጎረቤቴ ‹ሥራ ፈታ› ሲለኝ ይታየኛል።»

ለሥራ ለቅሶ የለም

አብነት ውስጥ ሰው ሲሞት አይታችሁ ታውቃላችሁ? የዕድሩ ጥሩምባ ነፍቶ ሳይጨርስ ድንኳኑ ይተከላል። አግዳሚው፣ ብርጭቆው፣ ድስቱ ይመጣል። ሴቶቹ ሽንኩርት ይከትፋሉ፣ ወንዶቹ ካርታ ይዘው ያድራሉ። ሐዘንተኛው ብቻውን አንዲት ሌሊት አያሳልፍም። የተጣላው ሁሉ ይመጣል።

ፋብሪካ ሲሞትስ? አንድ ጠዋት መቶ ሰው እንጀራውን ያጣል፤ ድንኳን የለም፣ ጥሩምባ የለም፣ «እግዜር ያጽናህ» የሚል የለም። ሐዘንተኛው በየቤቱ ለብቻው ነው። እንዲያውም ይደብቃል። ዕድራችን የተሠራው ለሞት እንጂ ለኪሳራ አይደለም። መንግሥትም ቢሆን በሀገራችን ሥራ ላጣ ሰው በየወሩ የሚቆርጥለት የሥራ አጥነት መድን የለውም።

ይህ ደግሞ የአብነት ብቻ ጣጣ አይደለም። በሀገር ውስጥ መኪና በመገጣጠም ስሙ የተሰማው ሆላንድ ካር እ.ኤ.አ. በ2013 ከስሯል። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. በተመረቀው ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ደግሞ ዋና ባለሀብት የነበረው የአሜሪካው ፒቪኤች ኅዳር 2014 ዓ.ም. ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። አሜሪካም የኢትዮጵያን የአጎዋ ዕድል ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ አገደች። ብዙ ሺህ ሠራተኛ፣ አብዛኛው ከገጠር የመጣች ወጣት ሴት፣ ሥራ አጣ። ከእነዚያ ልጆች መካከል ስንቷ ለእናቷ «ሥራ ላይ ነኝ» ብላ ደውላ ይሆን?

ጋሼ ያሉትን አስታወሳችሁ? ድሮ መርካቶ ጫማ የሰፋ ሰው ሙሉ ጫማ ይዞ ነበር የሚወጣው። የዛሬ ፋብሪካ ሠራተኛ ግን እጅጌ ብቻ ስትገጥም ትውላለች። ሦስት ዓመት ሠርታ ሸሚዝ መስፋት አትችልም። ስለዚህ «ሙያ ካለህ ምን ቸገረህ» የሚለው ማጽናኛ ለሁሉም አይሠራም። የዛሬ ወጣት ከጋሼ የበለጠ ሕጉን ማወቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ወደ ምክሩ

አሁን ጆሯችሁን ስጡኝ። በዚህ ቀልድ የለም።

አንደኛ፦ በዚያው ቀን ተናገሩ። ሥራ ማጣት ነውር አይደለም፤ መደበቁ ግን ዕዳ ነው። ባለታሪካችን አራት ወር ሲደብቅ ያጣው ገንዘብ ብቻ አይደለም። ጊዜም አጥቷል። ለምን? ሁለተኛውን ስሙ።

ሁለተኛ፦ ስድስት ወር የምትባል ቁጥር ግንባራችሁ ላይ ጻፉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንደሚለው፣ የሥራ ውል በመቋረጡ ምክንያት የሚጠየቅ ክፍያ ውሉ በተቋረጠ በስድስት ወር ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ ይታገዳል። በአማርኛ፦ ባዶ እጃችሁን ትገባላችሁ። ይሉኝታ ያስቀራቸው ጋሼም ያጡት በዚሁ ነው። የኛ ሰው ሲነግረኝ አራት ወሩን ጨርሶ፣ የቀሩት ሁለት ወሮች ብቻ ነበሩ። «ሲያገኝ ይሰጠኛል» የሚባል የቀን መቁጠሪያ ፍርድ ቤት ውስጥ የለም። አሠሪው «እከፍላለሁ» ካለም ደግ፤ በጽሑፍ ይፈርም።

ሦስተኛ፦ ስንት ይገባኛል? ድርጅቱ በኪሳራ ወይም በሌላ ምክንያት ለዘለቄታው ሲዘጋ የሥራ ስንብት ክፍያ አለ። ለመጀመሪያው ዓመት የአማካይ የቀን ደመወዛችሁ 30 እጥፍ። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል፤ ይህ ስሌት በድምሩ ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። በዚያ ላይ ድርጅቱ በመዘጋቱ የቀን ደመወዝ 60 እጥፍ ይታከላል።

በሰውዬአችን እናስላው። የቀን ደመወዙ 300 ብር ነው እንበል። የመጀመሪያው ዓመት 9 ሺህ ብር። የቀሪዎቹ ስድስት ዓመታት እያንዳንዳቸው 3 ሺህ፣ ድምር 18 ሺህ። ሁለቱ አንድ ላይ 27 ሺህ። ስድሳው እጥፍ ደግሞ 18 ሺህ። ጠቅላላ 45 ሺህ ብር! ያልተከፈለ ደመወዝና ያልወሰደው የዓመት ፈቃድ ሳይቆጠር። ይሄን ስነግረው «ቀልደኛ ነህ» አለኝ። አልቀለድኩም።

አራተኛ፦ «ከስሯል እኮ፣ ከየት አምጥቶ ይከፍላል?» እንዳትሉ። የከሰረ ድርጅት መሬት ሆኖ አይጠፋም፤ ማሽን አለው፣ ዕቃ አለው፣ ይሸጣል። ከሚሸጠው ላይ የሠራተኛ ክፍያ ከሌሎች ዕዳዎች ቅድሚያ እንዳለው አዋጁ ይናገራል። እርግጥ ባንክም መያዣውን ይዞ ይመጣል፣ ሌላውም አበዳሪ ይመጣል፤ ክርክር አይጠፋም። በሩ ላይ ግን ተሰልፎ ያልተገኘ ሰው ቅድሚያም አይኖረውም።

አምስተኛ፦ «የጽሑፍ ውል የለኝም» የምትሉ፣ በተለይ የትንንሽ ጫማ ቤት ልጆች፣ ተስፋ አትቁረጡ። የሥራ ውል የግድ በጽሑፍ መሆን የለበትም። ምስክር አቅርቡ፣ ደመወዝ የተቀበላችሁበትን የባንክ ወረቀት አቅርቡ፣ የሥራ መታወቂያ አቅርቡ። ደግሞም ሥራ ላይ ሳላችሁ፣ ማለትም ዛሬ፣ የወረቀቶቻችሁን ኮፒ ቤት አስቀምጡ። በር ከተቆለፈ በኋላ ፋይላችሁም አብሯችሁ አይወጣም።

ስድስተኛ፦ ጡረታ። የግል ድርጅት ሠራተኛ የጡረታ አዋጅ ከወጣበት ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በጡረታ ታቅፏል። ከደመወዛችሁ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። የተቆረጠው በእርግጥ ገብቷል? የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን ይዛችሁ አሁኑኑ አጣሩ። ነገ ሌላ ቦታ ስትቀጠሩ አገልግሎታችሁ እንዲቀጠል ይህ ያስፈልጋል።

ሰባተኛ፦ ሳትቆጥሩ አትፈርሙ። «ምንም ጥያቄ የለኝም» የምትል ወረቀት አብራ ትመጣለች። ችግር ላይ ያለ ሰው ሁለት ሺህ ብር ሲያይ እጁ ይፈርማል። ቆም በሉ፣ አስሉ፣ ሰው ጠይቁ። የሥራ ልምድ ማስረጃችሁንም አትርሱ፤ እሷ መብት እንጂ የአሠሪው ስጦታ አይደለችም።

ስምንተኛ፦ ብቻችሁን አትሂዱ። ሠራተኛ ማኅበር ካለ ማኅበሩን ያዙ። ከሌለ አብራችሁ የተሰናበታችሁ ተፈላለጉ፣ ስልክ ተለዋወጡ። ሠራተኛ የሥራ ክርክር ሲያቀርብ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም፤ ስለዚህ «የክስ ገንዘብ የለኝም» ማለትም አይሠራም። የትኛው ችሎት እንደሚያየው ሬጅስትራሩ ጋ ጠይቁ።

የሥራ ልጆች ደግሞ፣ ፋብሪካችሁ ደህና እያለ ከጎናችሁ ያለችውን ሥራ ልመዱ። አንቺ እጅጌ የምትገጥሚ፣ በምሳ ሰዓት ኮሌታውን የምትሰፋውን ጠጋ በያት። በር ሲቆለፍ ይዛችሁት የምትወጡት እጃችሁን ብቻ ነው።

ለጓደኛና ለጎረቤት

ሥራ ያጣ ወዳጅ አላችሁ? ባገኛችሁት ቁጥር «እህሳ፣ ሥራ ተገኘ?» አትበሉት። ቢገኝማ ራሱ እየሮጠ ይነግራችኋል። ቺስታ የሆነ ሰው ከናንተ ጋር ካፌ መግባት ይፈራል፤ ሒሳብ ይመጣልና። ስለዚህ ቤታችሁ ቡና ጥሩት። ምክር ከማዝነብ «ነገ ፍርድ ቤት አብሬህ እሄዳለሁ» ማለት ይበልጣል። ማመልከቻ መጻፍ የምትችሉ ጻፉለት። አንዳንድ ዕድሮች ዛሬ ለችግርም ማበደር ጀምረዋልና የሰፈራችሁን ዕድር ዳኛ ጠይቁ። ለሞት የሚነፋ ጥሩምባ ለኑሮም ቢነፋ ምን ይለናል?

ዕቁብተኞችም እንዲሁ። ሥራው የተዘጋበትን ሰው ስም ከማጥፋት፣ ዕጣ ወጥቶለት ከሆነ ቀሪውን ክፍያ በትንሽ በትንሹ እንዲከፍል ብታመቻቹለት ገንዘባችሁም ይመለሳል፣ ሰውም ታተርፋላችሁ።

ሲመሽ

ከአብነት ልወጣ ስል መሽቶ ነበር። ታክሲ ሰልፉ ረዝሟል፣ በቆሎ ጠባሿ ከሰሏን ታራግባለች፣ ከመርካቶ ሸክም የሚያወርዱ ልጆች «ዞር በል!» እያሉ ይሮጣሉ። አብነት ማለት አርአያ፣ ምሳሌ ማለት ነው አይደል? ሰፈሩ ያሳየኝ ምሳሌ ይሄ ነው፦ ሞትን አብረን መሸከም ያወቅን ሰዎች ኪሳራን አብረን መሸከም አያቅተንም። ያልለመድነው ነገር ቢኖር መናገር ነው።

ሰውዬአችን ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ከኔ ጋር ከተገናኘን በሁለተኛው ቀን የሥራ ባልደረቦቹን ማፈላለግ ጀመረ። ጉድ እኮ ነው፣ አንደኛው እዚያው ተክለሃይማኖት ግቢ፣ ከሌላ ዛፍ ሥር ምሳ ዕቃውን ይዞ ተቀምጦ አገኘው! እሱም ሲደብቅ ነው የከረመው። አሥራ አንድ ሆነው ማመልከቻቸውን አስገብተዋል። ስድስት ወሩ ሊሞላ 19 ቀን ሲቀረው። ገንዘቡ መቼ እንደሚገኝ ገና አልታወቀም፤ የፍርድ ቤት ቀጠሮ እንደምታውቁት ነው። ለጊዜው እነዚያው ጋሼ ጫማ ቤት በሳምንት ሦስት ቀን ቆዳ ይቆርጣል። የዕቁቡንም ቀሪ በትንሽ በትንሹ እየከፈለ ነው።

ለመጀመሪያው ቀጠሮ የሄደ ዕለት ሚስቱ ምሳ ዕቃውን ቋጥራ ሰጠችው። «የት እንደምትበላው አሁን አውቃለሁ» አለችው።

ሸሚዙም እንደገና ቆዳ ቆዳ መሽተት ጀምሯል አሉኝ። በሳሙናም አይለቅም።

እስከ ሳምንት ቸር እንሰንብት።